ጥያቄ ምልክት ሲጮህ አይሰማም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንተን ነው የሚመለከተው» ብሎ ሳቀብኝ። ጽሑፉ የዝነኞችን ጓዳ ለሚያወሩ መጽሔቶችና የዩቲዩብ ቻናሎች ጥብቅና የቆመ ነው። ጸሐፊው ብዕር አለው። ሁለት ቦታ ላይ ብቻዬን አስቆኛል።

ሙግቱ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሐሜት ባህላችን ነው፤ ከረከቦቱ ወደ ስልኩ ተዛወረ እንጂ አዲስ ነገር የለም። አንባቢው ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ነው፤ ይዝናናበታል እንጂ አያምነውም። ርዕሱ ላይ ጥያቄ ምልክት ካለ ክስ አይባልም። ዝነኞቹም ይጠቀሙበታል። ከፈረንጆቹ ጋር ሲተያይ የእኛዎቹ ገና ጨቅላ ናቸው። ተበደልኩ የሚል ካለ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ክፍት ነው።

ከስድስቱ አንዱን በግማሽ እቀበላለሁ። የቀሩት አልተዋጡልኝም።

ወዳጄ ለምን «አንተን ነው» እንዳለኝ መጀመሪያ ልናገር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ፒያሳ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ አንድ የመዝናኛ መጽሔት ነበር። እዚያ ተቀጥሬ ነበር። የሥራ መደቤ አራሚ ነው። ዋና አዘጋጃችን ግን «ርዕስ ላይ እጅህ ጥሩ ነው» አለኝና የሽፋን ርዕስ አውጪ ሆኜ ቀረሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

እንግዲህ ከቡናው እንጀምር።

ቡና ላይ ሰው ይታማል፤ ማንም አይክድም። ግን ወሬውን ያመጣችው ሴትዮ ፊት ለፊትህ ተቀምጣለች። «ማን ነገረሽ?» ትባላለች። «የእነ እንትና ሠራተኛ» ትላለች። አንዷ ቀበል አድርጋ «እሷማ በደሞዝ ተጣልታ ነው የወጣችው» ትላለች። አለቀ። አቦል ላይ የመጣ ወሬ በረካ ላይ ሲደርስ ግማሹ ተበጥሮ ወድቋል። ያልወደቀውንም ማን እንዳለው ታውቃለህ፤ ነገ ቢዋሽ የምትይዘው ሰው አለህ።

መጽሔቱና ቻናሉ የሚያጠፉት ይህችን «ማን ነገረሽ?» ነው። የሚያጠፉባት መሣሪያ ደግሞ አንዲት ግሥ ናት፤ «ተባለ»። እህቶችም አሏት፤ ተሰማ፣ ተገለጠ፣ እየተነገረ ነው። አማርኛችን ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣው ነገሩ ለርዕስ አውጪ በጣም ይመቻል። ይህን አንብቡ፤ «ድምፃዊቷ ባሏን ፈትታ፣ ልጇን ለአያቱ ሰጥታ፣ ጓዟን ጠቅልላ ወጣች ተባለ»። «ተባለ» እስክትደርስ ድረስ ፍቺውንም ልጁንም ጓዙንም ውጠነዋል። ጥንቃቄዋ የመጣችው ከጉሮሮ ካለፈ በኋላ ነው። የሰፈሯ «አሉ» እንኳ ትሻላለች። «አሉ» ውስጥ ቢያንስ የሆኑ «እነሱ» አሉ።

ሌላም አለ። «በብዙዎች ዘንድ መነጋገሪያ ሆኗል» የሚል ሐረግ ሰምታችኋል። እኛ ስንጽፈው ማንም አልተነጋገረበትም ነበር። መጽሔቱ ገና ማተሚያ ቤት ነው! ግን ቅዳሜ ገዝቶ ያነበበ ሰው «ለካ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት» ይላል። አፍሮ ይይዘዋል፤ ሰኞ ቢሮ ሲገባ ያወራዋል። በዚያው መነጋገሪያ ይሆናል።

ወደ ሰምና ወርቁ ስመጣ ጸሐፊው ጥሩ ነገር አንስቷል። ያነሳው ግን ለእኔ የሚጠቅመኝን ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ የተባለውን ትቶ ያልተባለውን ፍለጋ ይሄዳል። ጥቂት ከነገርከው የቀረውን ራሱ ይቆፍራል። ራሱ ቆፍሮ ያወጣውን ደግሞ አይጠራጠረውም፤ ማን በራሱ ድካም ይጠራጠራል? እኛ ይህን እናውቅ ነበር። «አንዲት ዓይነ ትልቅ ድምፃዊት» ብለን እንጽፋለን። ስም የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ዓይነ ትልቅ ድምፃዊት ስንት አለች? አንዱ ካፌ ውስጥ አንዷን ይጠራል፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ሌላዋን ይጠሯታል፣ ሦስተኛዋ ስሟ ከታክሲ ውስጥ ይወጣል። አንዲት ሴት አምተን የሦስት ሴቶች ስም ይጎድፋል። ወርቅ የሌለው ሰም ነበር የምንሸጠው፤ ወርቁን ደንበኛው ከቤቱ ይዞ ይመጣል።

«አያምነውም» የሚለውም እንዲሁ በቀላሉ አያልፍም። ሊን ሃሸር የምትባል ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመችው ጥናት አለ። ለሰዎች አንዳንድ ዓረፍተ ነገሮችን በየሁለት ሳምንቱ ሦስት ጊዜ አቀረቡላቸው። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሐሰት። ሰዎቹ ተደጋግሞ የመጣውን፣ ሐሰቱንም ጭምር፣ ቀስ በቀስ ወደ እውነት እያስጠጉት ሄዱ። በበሬ ወለደ ወሬ እየሳቅህ አስር ጊዜ ብትሰማው ሳቁ ያልቃል፤ በሬው ግን ይቀራል።

እስቲ አንድ ርዕስ አብረን እንፍታ። ከራሴ የሠራሁት ነው፤ ማንንም አይመለከትም።

«ጉድ! ታዋቂዋ ተዋናይት ከባለሀብቱ ጋር ዱባይ ምን እያደረገች ነው? ውስጥ አዋቂዎች ምስጢሩን አወጡት!»

«ጉድ» እና ቃለ አጋኖዋን ተዉአቸው፤ እነሱ የበር ደወል ናቸው። ሥራው ያለው በትንንሾቹ ፊደላት ነው። «ታዋቂዋ» ላይ ያለችው «ዋ»፣ «ባለሀብቱ» ላይ ያለችው «ቱ»፣ «ምስጢሩ» ላይ ያለችው «ሩ»። አማርኛ እነዚህን የሚቀጥለው አንተም እኔም በምናውቀው ነገር ላይ ነው። «አንድ ባለሀብት» ቢባል «የትኛው?» ትል ነበር። «ባለሀብቱ» ሲባል ሰውየው ድሮም እንደነበረ፣ አንተ ብቻ እንደዘገየህ ይሆናል። ከዚያ ጥያቄውን እይ። ሰውየው አለ ወይ ብሎ አይጠይቅህም። አብረው ናቸው ወይ ብሎ አይጠይቅህም። ሰውየውንም ዱባይንም አብሮነታቸውንም አስጨብጦህ «ምን እያደረገች ነው?» ይልሃል። «ኧረ ምንም» ብትል እንኳ ከሰውየው ጋር ዱባይ መሆኗን አጽድቀሃል።

ከዚያ ተምኔሉ፣ ቪዲዮው ከመከፈቱ በፊት የሚታየው ሽፋን ፎቶ፣ አለ። ሁለት ቦታ፣ በሁለት ቀን የተነሳ ፎቶ ጎን ለጎን ተቆርጦ ይለጠፋል። መሐሉ ላይ ቀይ ቀስት፣ እጅ ላይ ቀይ ክብ። ክቡ ውስጥ ምንም የለም። ግን ዓይን ክብ ሲያይ «እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ» ይላል። ስልኬን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ ክቡ ውስጥ ቀለበት የፈለግኩበት ቀን አለ። እኔ! ስንት ሽፋን ያሠራሁ ሰውዬ!

ቪዲዮውን ስትከፍተው ተራኪው «ውድ ቤተሰቦቻችን» ብሎ ይጀምራል። ይህችን በቀላሉ አትዩአት። የውጭ አገር ቻናል ተመልካች ይልሃል፣ ተከታይ ይልሃል። የእኛው ቤተሰብ ያደርግሃል፤ ሰብስክራይብ ማድረግም «ቤተሰብ መሆን» ነው። ሆርተንና ዎል የሚባሉ ሁለት ሰዎች ገና እ.ኤ.አ. በ1956 ተመልካች ከቴሌቪዥን ሰው ጋር የሚይዘውን የአንድ ወገን ወዳጅነት ጽፈውበታል። እኛ ጋ ወዳጅነት አልበቃ ብሎ ዝምድና ሆኗል። ዘመድ ደግሞ ማስረጃ አምጣ አይባልም።

ቤተሰቡ ከተሰበሰበ በኋላ ወሬው አይመጣም። ስለ አየሩ ይወራል፣ የተዋናይቷ የልጅነት ታሪክ ይተረካል፣ «ወደዚያ ከመግባታችን በፊት» ይባላል። ዩቲዩብ ከ8 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ መሐል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈቅዳል፤ ወሬው የሚጎተተው በዚህ ነው። መጨረሻ ላይ፣ አብዛኛው ሰው ከወጣ በኋላ፣ «ለማስታወቂያ ሥራ እንደሄደች ታውቋል» ይባላል። ጸሐፊው «ውስጡን ያነበበ እውነቱን ያገኛል» ይላል። አዎ፣ ያገኛል። ውስጡን ያነበበ።

ውስጡን ማን ያነባል ለሚለው አራት ኪሎን ላስታውሳችሁ። የድሮው ሰው ያውቀዋል። ከድል ሐውልቱ አካባቢ ልጆች ጋዜጣና መጽሔት መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ይጭኑበታል። ለመግዛት አቅም ያጣ በሳንቲም ይከራያል፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ይመልሳል። ብዙው ሰው ግን አይከራይም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ከላይ ሆኖ የሽፋን ርዕሶችን በየተራ ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። ከአንድ ተከራይ ጎን አምስትና ስድስት ቆሞ አንባቢ ነበር። መጽሔታችን ለእነዚያ ሰዎች አንድ መስመር ነበር። እኔ የጻፍኳት መስመር። ዛሬ ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በአውራ ጣቱ ስልኩን ወደ ላይ የሚገፋው ልጅ ያው ቆሞ አንባቢ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄ ምልክቱ። ጸሐፊው በጣም የተማመነው በዚህ ነጥብ ነው። ኢያን ቤተሪጅ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2009 ያለውንም ጠቅሷል፤ በጥያቄ ምልክት የሚያልቅ ርዕስ ሁሉ መልሱ «አይደለም» ነው። ስለዚህ ብልህ አንባቢ «አይደለም» ብሎ ያልፋል ይለናል።

እኔ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ልንገረው።

አንዲት ድምፃዊት ነበረች። ውጭ ለሥራ ሄዳ ትንሽ ቆየች። አንድ ሰው ቢሯችን መጥቶ «እናቷን እኮ ጥላቸው ነው የሄደችው» አለ። ያ ነው መረጃው፤ ከዚያ በላይ አልነበረንም። ዋና አዘጋጁ ወደ እኔ ዞረ። «ድምፃዊቷ እናቷን ጥላ ተሰደደች?» ብዬ ጻፍኩ። ጥያቄ ምልክቷን በራሴ እጅ ነው ያስቀመጥኳት። ኮርቼባትም ነበር፤ ጥንቃቄ መሰለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቢሮው ወደ ማዞሪያው ስወርድ አንድ አዟሪ ልጅ መጽሔታችንን ክንዱ ላይ ደርድሮ ይጮሃል። «እናቷን ጥላ ተሰደደች! እናቷን ጥላ ተሰደደች!» ቆምኩ። እንዲህ ያለ የአማርኛ ጥያቄ ያለው በድምፅ ዜማ ነው፤ የሚጮህ ሰው ደግሞ ዜማውን አይጠብቅም። ጥያቄ ምልክቷ ወረቀቱ ላይ ቀረች። መንገዱ ላይ የሄደው ሌላ ነው።

ማክሰኞ ዕለት አንድ እናት ደረጃውን ወጥተው መጡ። ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል፣ መጽሔቱን አጣጥፈው ይዘዋል። ከዶሮ ማነቂያ ነው የመጡት። ከእኛ ቢሮ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። በር ላይ ቆመው «የተጣልኩት እናት እኔ ነኝ» አሉ።

ዋና አዘጋጁ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም። «እማማ፣ እኛ አላልንም። ጠየቅን እንጂ» አላቸው። ሽፋኑን ዘርግቶ ጥያቄ ምልክቷን በጣቱ አሳያቸው። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዩአት። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን።

«ጥያቄ ከሆነ ልጄ፣ ለምን እኔን አልጠየቃችሁኝም?»

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ማንም አልመለሰላቸውም። እሳቸውም ብዙ አልቆዩም። የባሰውን ሲወጡ ነገሩን። ልጃቸው በየወሩ ትልካለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግን ጎረቤት በሰሃን እንጀራ ሸፍና አምጥታላቸዋለች፤ «አይዞዎት» ብላ።

በሚቀጥለው ዕትም ማስተባበያ አወጣን። «ድምፃዊቷ እናቷን አልጣለችም!» እሱም ተሸጠ። ዋና አዘጋጁ «አንዲት ሴት ሁለት ዕትም ሸጠችልን» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ከዓመታት በኋላ ነው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ስላሳተሙት ሙከራ ያነበብኩት። ሰዎችን ስለ ፖለቲካ ዕጩዎች የተሠሩ ርዕሶች ያስነብቧቸዋል። አንዱ ርዕስ በቀጥታ ይከሳል። አንዱ ያንኑ ክስ በጥያቄ ያቀርባል። አንዱ ያስተባብላል። ከዚያ ስለ ሰውየው ምን እንደሚያስቡ ይጠይቋቸዋል። በጥያቄ የቀረበው ርዕስ በቀጥታ ከከሰሰው ብዙም ያልተናነሰ ጉዳት አደረሰ። ማስተባበያው እንኳ፣ አነስ ቢልም፣ የራሱን ጠባሳ ተወ። ሳነበው ሁለቱም ዕትሞቻችን ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ጥያቄውንም ማስተባበያውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ዝነኞቹም ይጠቀሙበታል» የሚለውን ነው በግማሽ የምቀበለው። እውነት ነው። ካሴት ሊያወጡ ሲሉ ፎቶ በፖስታ ይዘው ቢሯችን የሚመጡ ነበሩ። «አንድ ነገር በሉልኝ» ይላሉ። በፈረንጁም የታወቀ ነው። ዘ ሰን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1986 አንድ ኮሜዲያን የሰው ሃምስተር፣ አይጥ የመሰለች የቤት እንስሳ፣ በዳቦ መሐል አድርጎ በላ ብሎ የፊት ገጹን ሞላው። ሰውየው አልበላም። ግን ወኪሉ ለትርዒቱ ትኬት መልካም ነው ብሎ ወሬው እንዲወጣ ፈቀደ፤ ትኬቱም ተሸጠ። እንዲህ ያለው ላይ ማልቀስ አያምርብኝም። የራሱን በር የከፈተ ሰው ነው። የዶሮ ማነቂያዋ እናት ግን የሚያወጡት ካሴት አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው «ቁም ነገረኛ ነን የሚሉት ጋዜጦች ንቀታቸው ቅናት ነው» ያለውንም ልመርቅለት። ትክክል። እነሱም ውስጥ ሠርቻለሁ። ሽያጫችንን በጎን ዓይን ነበር የሚያዩት።

የውጮቹ ይብሳሉ ለሚለው ብዙ ቀለም አላባክንም። ኒውስ ኦፍ ዘ ወርልድ የሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ 168 ዓመት ታትሞ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ተዘጋ። የሰው ስልክ መልእክት እየጠለፈ ወሬ መልቀሙ ሲወጣ መጀመሪያ የተሰማው የቤተ መንግሥት ሰዎችና የዝነኞች ስም ነው። አገሩን ያስቆጣው ግን ተገድላ የተገኘች የ13 ዓመት ልጅ ስልክ መነካቱ ነው። «እነሱ ይብሳሉ» የሚያጽናናው እነሱም ከዝነኛ እንደጀመሩ ለረሳ ሰው ነው። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለው ጋዜጣ የሚጠራበት «ታብሎይድ» መጀመሪያ የመድኃኒት ስም ነው። አንድ የለንደን መድኃኒት አምራች ጨምቆ ለሠራው እንክብል እ.ኤ.አ. በ1884 ያስመዘገበው። እንክብል ደግሞ ሳይታኘክ ይዋጣል። ስሙ ሲወጣ እንኳ አላሳሳተም።

የቀረው ፍርድ ቤቱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ እንዳይታይና እንዳይባዛ ይከለክላል። ጥሩ። አንቀጽ 28 ላይ ግን ሰውየው የታወቀ ከሆነ ፈቃዱ አያስፈልግም ይላል። ዝነኛዋ ገና ከበሩ ላይ ግማሹን ጥበቃ አጣች። ስም ማጥፋት ብላ ልክሰስ ብትል ደግሞ «ምን አሉሽ?» ትባላለች። ምንም አላሏትም! «ተባለ» ነው የተባለው፤ ጥያቄ ነው የተጠየቀው፤ «አንዲት ዓይነ ትልቅ» ነው እንጂ ስሟ የለም። ርዕስ ስናወጣ ሕግ አናውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። ዋና አዘጋጃችን አንድ ርዕስ ሳመጣለት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እውነት ነው?» አልነበረም። «ያስከስሰናል?» ነበር። ካስከሰሰ ጥያቄ ምልክት እንጨምራለን።

መቼም ጸሐፊው ይህን ሲያነብ «የድሮ ታሪክ ነው፣ ሰው ይረሳል» ማለቱ አይቀርም። ዶሮ ማነቂያም በ2016 ሲፈርስ የእናትየው ሰፈር አብሮ ሄዷል። መጽሔቱም ከተዘጋ ቆይቷል።

ባለፈው ወር አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ፊት ለፊት ካለው ሱቅ የዚያች ድምፃዊት የድሮ ዘፈን ይሰማል። ከእኔ ፊት ሁለት ወጣት ሴቶች ቆመዋል። ያኔ ወይ አልተወለዱም፣ ወይ ገና ድክ ድክ ይሉ ነበር። አንደኛዋ ጆሮዋን ወደ ዘፈኑ ጣል አድርጋ «ድምጿ ግን!» አለች።

«ተዪኝ እባክሽ» አለች ሁለተኛዋ። «እናቷን ጥላ የሄደች ሴትዮ እኮ ናት።»

አላስቻለኝም። «ይቅርታ የኔ እህት፣ ይህን ከየት ሰማሽው?» አልኳት።

ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ የታወቀ ነው!»